ቴርሞሜትሩ የት ነበር?

ስልካችሁን አውጡና የአየር ሁኔታ የሚያሳየውን አፕ ክፈቱት። «አዲስ አበባ፣ 22 ዲግሪ» ይላል እንበል። አሁን ደግሞ ያላችሁበትን ቦታ አስተውሉ። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው ላብ እያጠመቀው ነው። ድንጋይ ቤት ውስጥ የተቀመጠው ጃኬት ደርቧል። ታክሲ ውስጥ እንኳን ፀሐይ በሚመታው መስኮት በኩል የተቀመጠውና በር አጠገብ ያለው እኩል አይሞቃቸውም። ስልኩ ግን ለሁሉም ያው 22 ነው የሚለው።

ለእኛ ይህ ልዩነት ጃኬት የመያዝና ያለመያዝ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ሞቶ ሲገኝና «መቼ ነው የሞተው?» የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ግን፣ ስልኩ በሚለው ቁጥርና በቦታው እውነተኛ ሙቀት መካከል ያለው ልዩነት የሰው ዕድሜ ሊበላ ይችላል።

ዛሬ ልሟገትለት የመጣሁት ዕቃ ትንሽ ነው፤ ቴርሞሜትር። ወንጀል በተፈጸመበት ቦታ፣ በሰዓቱ፣ በትክክለኛው ከፍታ ላይ የተቀመጠ ቴርሞሜትር። ወሬው ስለ አስከሬንና ስለ ትል ስለሆነ፣ ምሳ ላይ ያላችሁ ካላችሁ ጨርሳችሁ ተመለሱ።

በፊልም ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ሐኪሙ ጓንት አጥልቆ ጎንበስ ይልና «ከምሽቱ 4 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሞተው» ይላል። በቃ፣ መርማሪው ይሮጣል። እውነተኛው ዓለም እንዲህ አይደለም። ሰው ከሞተ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት የሰውነቱ መቀዝቀዝ፣ የጡንቻው መድረቅና የደሙ ወደ ታች መውረድ የሆነ ነገር ይናገራሉ። ሁለት ሦስት ቀን ካለፈ ግን እነዚህ ምልክቶች አንድ በአንድ ዝም ይላሉ። ሰውነቱ ከአካባቢው ጋር እኩል ቀዝቅዟል፣ የደረቀውም ጡንቻ መልሶ ላልቷል።

ያኔ ነው ዝንቦች ምስክር የሚሆኑት።

ያቺ አረንጓዴ ሆና የምታብረቀርቅ ዝንብ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ቀን ከሆነና አየሩ ሞቅ ካለ፣ አስከሬን ያለበትን ቦታ በደቂቃዎች ውስጥ አሽትታ ልትደርስ ትችላለች። ዓይን፣ አፍንጫ፣ አፍ ወይም ቁስል ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። እንቁላሉ ትል ይሆናል፤ ትሉ ሁለት ጊዜ ቆዳውን እየቀየረ በሦስት ደረጃ ያድጋል፤ ሲጠግብ ከአስከሬኑ ርቆ ይሄድና ቡናማ ቅርፊት ውስጥ ይከተታል፤ ከዚያ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። ባለሙያው በቦታው ካገኛቸው ነፍሳት መካከል ትልቁን፣ በዕድሜ የገፋውን ይፈልጋል። ያ ትል ስንት ቀኑ እንደሆነ ከታወቀ፣ ሰውየው ቢያንስ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞቶ ነበር ማለት ነው።

«ቢያንስ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ትሉ የሚነግረን ዝንቧ መቼ እንደደረሰች እንጂ ሰውየው መቼ እንደሞተ አይደለም። አስከሬኑ በፕላስቲክ ከተጠቀለለ፣ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሆነ፣ ወይም ኃይለኛ ዝናብ ከነበረ ዝንቧ ልትዘገይ ትችላለች።

ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ሶንግ ሲ የተባለ ቻይናዊ የፍትሕ ሹም እ.ኤ.አ. በ1247 በጻፈው የምርመራ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ታሪክ አለ። ሰው በማጭድ ተገድሎ ይገኛል። መርማሪው የመንደሩ ሰው ሁሉ ማጭዱን አምጥቶ ሜዳ ላይ እንዲያስቀምጥ ያዛል። ዝንቦች ከሁሉም ማጭዶች መርጠው አንዱ ላይ ብቻ ሰፈሩ። በዓይን የማይታይ የደም ጠረን ነበረበት። ባለማጭዱ አመነ። ፈረንሳዮቹ በርዥሬ እ.ኤ.አ. በ1855 እና ሜኛ በ1894 በዚህ ጉዳይ ሲጽፉ፣ ዘመናዊው የፎረንሲክ ኢንቶሞሎጂ፣ ማለትም ነፍሳትን ለወንጀል ምርመራ የሚጠቀመው ሳይንስ፣ መልክ እየያዘ መጣ።

ታዲያ ቴርሞሜትሩ ከየት መጣ?

ምሳሌዬን ይቅር በሉኝና የእንጀራ ሊጥ አስቡ። ያው ጤፍ፣ ያው እርሾ፣ ያው ቡሃቃ። ቆላ ላይ ሊጡ ቶሎ ይቦካል። ደጋ ላይ፣ በተለይ በክረምት፣ እናቶቻችን ጨርቅ ደርበውበት፣ ምድጃ አጠገብ አስጠግተውት እንኳን ይዘገያል። አሁን አንድ ሰው ኩፍ ያለ ሊጥ አሳይቶ «መቼ ነው የተቡካው?» ቢላችሁ፣ ጎበዝ እናት መጀመሪያ የምትጠይቀው «የት ነው የተቀመጠው? ቤቱ ይሞቃል ይቀዘቅዛል?» ብላ ነው። ሊጡን ብቻ አይታ ቀን አትቆርጥም።

ትልም እንዲሁ ነው። የራሱ የሰውነት ሙቀት የለውም፤ እድገቱን የሚወስነው አካባቢው ነው። ሲሞቅ ይፈጥናል፣ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል፣ ከተወሰነ ቅዝቃዜ በታች ይቆማል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ዕድሜውን በቀን ብቻ አይቆጥሩም። በሰበሰበው ሙቀት ይቆጥራሉ። ስንት ዲግሪ፣ ለስንት ሰዓት?

ቁጥሩን አብረን እንሥራው። አንዲት ዝንብ ከእንቁላል ተነስታ የተገኘችበት ደረጃ ላይ ለመድረስ 1,200 «የዲግሪ ሰዓት» ያስፈልጋታል እንበል፤ ከ10 ዲግሪ በታች ደግሞ እድገቷ ይቆማል። ቁጥሮቹን የመረጥኳቸው ስሌቱ እንዲቀለን ነው፤ እውነተኞቹ እንደ ዝንቧ ዝርያ ይለያያሉ። ቦታው 20 ዲግሪ ከሆነ በየሰዓቱ 10 ትሰበስባለች። 1,200 ለ10 ሲካፈል 120 ሰዓት፣ ማለትም ድፍን 5 ቀን። ቦታው 16 ዲግሪ ከሆነስ? በየሰዓቱ የምትሰበስበው 6 ብቻ ነው። 1,200 ለ6 ሲካፈል 200 ሰዓት። 8 ቀን ከ8 ሰዓት!

አራት ዲግሪ ብቻ ነው ያዛባነው። ውጤቱ ግን ከ3 ቀን በላይ ተንሸራተተ።

ይህን ወደ ሰው ሕይወት አምጡት። አስከሬኑ የተገኘው ቅዳሜ ነው። በ5 ቀን ከቆጠርን ሰኞ ላይ ያርፋል፤ በ8 ቀን ከቆጠርን ያለፈው ሳምንት ዓርብ ይሆናል። የተጠረጠረው ልጅ ደግሞ እሑድ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፍሮ ጎንደር ሄዷል፤ ቲኬቱም አለ፣ ያዩት ሰዎችም አሉ። ሰኞ ከሆነ ንጹሕ ነው። ዓርብ ከሆነ ግን ከተማው ውስጥ ነበር፣ ያውም «ገድሎ ሸሸ» የሚያስብል ጉዞ ነው። ያው ትል፣ ያው ዝንብ፣ ያው ባለሙያ። የተለየው አንድ ነገር ነው፤ የትኛውን ሙቀት አስገብተን አሰላን?

አራት ዲግሪ ደግሞ ለእኛ አገር ምንም ማለት አይደለም። ከአዲስ አበባ አዳማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ አዳማ ከእሷ በ600 እና 700 ሜትር ዝቅ ትላለች። በአማካይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ልክ ከላይ ያሰላነው አራት ዲግሪ አካባቢ ነው። የዓባይ በረሃን ደግሞ አስቡት። ከጎሃ ጽዮን አፋፍ ላይ ብርድ እያንቀጠቀጣችሁ ተነስታችሁ ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ሹራባችሁን አውልቃችሁ መስኮት ትከፍታላችሁ። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። በረሃው ውስጥ ለተገኘ አስከሬን አፋፉ ላይ ያለውን ከተማ ሙቀት ብንጠቀም፣ የምናሰላው ስለ ሌላ ዓለም ነው።

ከተማ ውስጥም ቢሆን ያው ነው። የሜትሮሎጂ ጣቢያው ቴርሞሜትር የሚቀመጠው ነፋስ በሚያስገባ ነጭ ሣጥን ውስጥ፣ ገላጣ ሜዳ ላይ ነው። ጣቢያው ሥራውን አሳምሮ ይሠራል፤ ስለ አየሩ ነው የሚነግረን። ሰው ግን ሞቶ የሚገኘው ነጭ ሣጥን ውስጥ አይደለም። የቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ወንዝ ዳር ቁጥቋጦ ሥር፣ የባሕር ዛፍ ጥላ ውስጥ፣ ገደል ውስጥ ወይም በተዘጋ መኪና ውስጥ ነው። እነዚህ ቦታዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አየር አላቸው።

«ታዲያ መርማሪው በስልኩ ቢለካስ?» የሚል አይጠፋም። አይሆንም። አፑ ላይ የምታዩት ቁጥር ከጣቢያዎችና ከኮምፒውተር ትንበያ የመጣ፣ ሰፋ ያለ አካባቢን የሚወክል ግምት ነው። አብዛኛው ስልክ ውስጥ ያለው የሙቀት ሴንሰር ደግሞ የሚጠብቀው ባትሪውን ነው፤ የውጪውን አየር አይደለም። ቪዲዮ ስታዩ የሚሞቀው እሱ ነው።

ባለሙያዎቹ የሚሉት ሌላ ነው። መጀመሪያ፣ አስከሬኑ ከመነሳቱ በፊት ይለካል። የአየሩ ሙቀት ጥላ ውስጥ፣ ደረት በሚደርስ ከፍታ፣ ከመሬት አንድ ሜትር አካባቢ ላይ ይወሰዳል። ከዚያ የመሬቱ ገጽ፣ የአስከሬኑ ገጽ፣ በአስከሬኑና በመሬቱ መካከል ያለው፣ በመጨረሻም ከሥር ያለው አፈር። ትሎቹ በአንድ ቦታ ተከማችተው ከሆነ የክምችቱ ሙቀት ለብቻው ይለካል፤ ምክንያቱም ትሎች በብዛት ሲሆኑ የራሳቸውን ሙቀት ያመነጫሉ፤ ከአካባቢው አየር ከ10 ዲግሪ በላይ ሊበልጡ ይችላሉ። አስከሬኑ ከተነሳና ትሉ ከተበተነ ያ ሙቀት ጠፋ። ነገ ተመልሶ አይለካም።

እያንዳንዱ ልኬት ከሰዓቱ ጋር ይጻፋል። ፀሐይ ነበር ወይስ ጥላ? መስኮቱ ክፍት ነበር ወይስ ዝግ? ምድጃ ወይም ማሞቂያ ነበር?

ሁለተኛው እርምጃ ይበልጥ ይገርመኛል። የተለካው የዛሬው ሙቀት ነው፤ የሚያስፈልገን ግን ያለፉት ቀናት ሙቀት ነው። ያለፈ ሙቀት እንዴት ይለካል? ዳታ ሎገር የሚባል የጣት ያህል መሣሪያ አለ፤ በየሰዓቱ ሙቀትን እየመዘገበ ያስቀምጣል። አስከሬኑ የነበረበት ቦታ ላይ ይተዉትና ለጥቂት ቀናት፣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ቀን፣ ይቆያል። ከዚያ መዝገቡን በአቅራቢያው ካለው የሜትሮሎጂ ጣቢያ መዝገብ ጋር ያስተያዩታል። ቦታው ከጣቢያው በምን ያህል ይሞቃል? ቀን ነው የሚለየው ወይስ ሌሊት? ግንኙነቱ ከታወቀ በኋላ የጣቢያውን የኋላ መዝገብ በዚያው ልክ ያስተካክሉና የቦታውን ያለፉ ቀናት ሙቀት ይገምታሉ። የአውሮፓ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት የአሠራር መመሪያም ቦታው ላይ ሙቀት መለካት የሥራው አካል ነው።

ይህም ተአምር አይደለም። ሎገሩ ወዲያው ካልተቀመጠ፣ ወይም በመሃል ወቅቱ ከተለወጠ፣ ማስተካከያው ራሱ ሊያሳስት ይችላል። በበጋ ለሞተ ሰው በክረምት የተለካ ሙቀት ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ «ቆይቶ ይደረሳል» የሚባል ነገር የለም።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ባህል አንድ ነገር ልበል። እኛ ጋ ሬሳ አያድርም። ቤተሰብ አልቅሶ፣ ዕድር ድንኳን ተክሎ፣ ሰው ቶሎ ወደ መሬቱ እንዲመለስ ይፈለጋል። ምርመራ ሲባል ብዙ ቤተሰብ የሚሰማው «ሬሳችንን ሊያቆዩብን ነው» የሚል ስጋት ነው። ሙቀት መለካት ግን ማንንም አያቆይም። ቦታው ላይ የሚወስደው ደቂቃዎች ነው። ሎገሩ ደግሞ የሚቀመጠው ቦታው ላይ እንጂ አስከሬኑ ላይ አይደለም። ሟች ተቀብሮ፣ ሐዘንተኛው ሦስተኛውን ቀን አውጥቶ እንኳን ያ ትንሽ መሣሪያ ጫካው ውስጥ ሆኖ ስለ እሱ መመስከሩን ይቀጥላል። ለሟች ከዚህ የበለጠ ክብር ካለ ንገሩኝ።

ደግሞ መንገድም አለ። በአገራችን አስከሬን ለምርመራ ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባ፣ ለዓመታት በተለይ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ ሲጓዝ ኖሯል። መኪናው ውስጥ ትሉ ማደጉን አያቆምም። የመኪናው ሙቀት፣ ከዚያ የማቀዝቀዣው ቅዝቃዜ፣ የቆየበት ሰዓት፣ ሁሉም ስሌቱ ውስጥ ይገባሉ። ለዚህ ነው ባለሙያዎች ከቦታው ላይ ካሉት ትሎች ከፊሉን በሙቅ ውኃ ገድለው አልኮል ውስጥ የሚያስቀምጡት፤ ዕድሜያቸው እዚያው ላይ እንዲቆም። ከፊሉን ደግሞ በሕይወት ያሳድጓቸዋል፤ ዝንብ ሲሆኑ ዝርያቸው በትክክል እንዲለይ።

ሙቀቱ ሲያጨቃጭቅ ምን ይሆናል? አሜሪካ፣ ሳን ዲየጎ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2002 አንዲት የ7 ዓመት ልጅ ከቤቷ ጠፋች። አስከሬኗ በወሩ መጨረሻ ከከተማው ወጣ ያለ ቦታ ላይ ተገኘ። ዴቪድ ዌስተርፊልድ የተባለ ጎረቤት ተከሰሰ። እሱ ከወሩ የመጀመሪያ ሳምንት ጀምሮ በፖሊስ ዓይን ሥር ስለነበር፣ ጥያቄው የቀን ጥያቄ ሆነ። ልጅቷ ቦታው ላይ የተጣለችው ክትትሉ ከጀመረ በኋላ ከሆነ እሱ ሊሆን አይችልም።

ስመ ጥር የነፍሳት ባለሙያዎች ችሎት ፊት ቆሙ። መልሳቸው ግን አንድ አልነበረም። አንዱ ዝንቦቹ የደረሱት ከፌብሩዋሪ 9 እስከ 14 ባለው ጊዜ ሲል፣ ሌላው ከ16 እስከ 18 አለ። የየትኛው የአየር ሁኔታ ጣቢያ ሙቀት ቦታውን ይወክላል የሚለው አከራከረ። የዚያ ዓመት ደረቅ ሞቃት አየር አስከሬኑን አድርቆ ዝንቦቹን አዘግይቷል ወይስ አላዘገየም የሚለውም አከራከረ። በመጨረሻ ዳኞቹ ሰውየውን ጥፋተኛ ያሉት እንደ ደምና ዲኤንኤ ያሉ ሌሎች ማስረጃዎችም ቀርበው ስለነበር ነው። እኔ ከዚህ የምወስደው «ሳይንሱ አይረባም» የሚል አይደለም። ሌላ ማስረጃ የሌለበት፣ ቀን ብቻ የሚወስንበት መዝገብ ቢሆን ኖሮስ?

እንደዚያ ያለ መዝገብም አለ። ኔቫዳ፣ ላስ ቬጋስ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2001 አንድ ሰው ከቆሻሻ ማጠራቀሚያ አጠገብ ተገድሎ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ተገኘ። የ18 ዓመቷ ኪርስቲን ሎባቶ ተከሰሰች። ቤቷ ፓናካ የምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ ከላስ ቬጋስ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ዕለቱን እዚያ እንደዋለች የመሰከሩላት ሰዎች ነበሩ። ዓቃቤ ሕግ ግን ሰውየው የተገደለው ሌሊቱን፣ ገና ሳይነጋ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነድታ ቤቷ ገብታለች ብሎ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ2002 ተፈረደባት፤ ያ ፍርድ ተሽሮ በ2006 እንደገና ተፈረደባት።

ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ የነፍሳት ባለሙያዎች ለፍርድ ቤት አንድ ቀላል ነገር አስረዱ። አስከሬኑ ላይ የዝንብ እንቁላል አልነበረም። በጁላይ ቀትር 40 ዲግሪ የሚነካ ከተማ ውስጥ፣ ከቆሻሻ አጠገብ፣ የቆሰለ አስከሬን ቀኑን ሙሉ ውሎ አንዲት ዝንብ እንኳን እንቁላል ሳትጥልበት? አይሆንም። ዝንብ አብዛኛውን ጊዜ በጨለማ እንቁላል አትጥልም። እንግዲያው ሰውየው የሞተው ምሽት ላይ ነው። ምሽት ላይ ደግሞ ሎባቶ ፓናካ ነበረች። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ፍርዱ ተሰረዘ፣ ክሱም ተነሳ። በ18 ዓመቷ የተከሰሰችው ልጅ ነፃ ስትባል ከ30 ዓመት በላይ ሆኗት ነበር።

ወጣትነቷ በሙሉ። ሊያስቀርላት ይችል የነበረው መረጃ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ነበር። የጎደለው በጊዜው የጠየቀ ሰው ነው።

ይህን ስል «አገሩ ስንት ችግር አለበት፣ አንተ ስለ ዝንብ ታወራለህ» የሚለኝ እንዳለ ይሰማኛል። ክርክሩ ክብደት አለው። ዘመናዊ ላቦራቶሪ፣ የዲኤንኤ ማሽን፣ በቂ ስፔሻሊስት ሐኪም፣ ሁሉም ገንዘብና ዓመታት ይጠይቃሉ። የእኔ መልስ ግን ልክ ከዚህ ይነሳል። ቴርሞሜትር ዓመታት አይጠይቅም። ዳታ ሎገር ከአንድ መካከለኛ ስማርት ስልክ ያነሰ ዋጋ አለው። መጠቀሙን ለመማር ዲግሪ አያስፈልግም፤ የአንድ ቀን ሥልጠናና አንድ ገጽ ቅጽ ይበቃል። ባለሙያው ዛሬ ባይኖር እንኳን፣ በትክክል የተለካና የተጻፈ ሙቀት ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ባለሙያ እስኪመጣ ይጠብቃል። ያልተለካ ሙቀት ግን የትኛውም ፕሮፌሰር ቢመጣ አይመለስም።

ሌላው ክርክር ደግሞ ከተቃራኒው ወገን ነው። «ፍርድ ቤት ይህን ዓይነት ሳይንስ ከሰማ ንጹሕ ሰው በዝንብ ይታሰራል» የሚል። ይህም ትክክለኛ ስጋት ነው፤ ቴርሞሜትሩን የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ መሆኑ በሕግ እስኪረጋገጥ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት አለው ይላል። ንጹሕ ሆኖ መገመት ማለት፣ በእሱ ላይ የሚቀርብ ቁጥር ሁሉ ከየት እንደመጣ የመጠየቅ መብት አለው ማለት ነው። «ከ5 ቀን በፊት ሞቷል» ላለ ባለሙያ ሊቀርብለት የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ያህል እርግጠኛ ነህ?» አይደለም። «ሙቀቱን ማን ለካው? የት? በስንት ሰዓት?» የሚል ነው። መልሱ «ከኢንተርኔት አወጣሁት» ከሆነ፣ ዳኛው ያንን ግምት ከግምት በላይ ሊያየው አይገባም።

ሕግ የምትማሩ፣ ፖሊስ ለመሆን የምታስቡ፣ ሕክምና ወይም ባዮሎጂ ላይ ያላችሁ፣ ይህን ጥያቄ ከአሁኑ ያዙት። የእኛ አገር ዝንቦች በደጋ፣ በወይና ደጋና በቆላ በምን ፍጥነት ያድጋሉ የሚለው ራሱ የምርምር ርዕስ ነው። ፍራንክፈርት ውስጥ ያደገች ዝንብ ሰዓት ለሰመራ ላይሠራ ይችላል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለምትፈልጉ፣ ይኸው በነፃ።

ለቀሪዎቻችንስ? ዛሬ አንድ ነገር ሲከሰት ከፖሊስ ቀድሞ የሚደርሰው እኮ ስልክ የያዘ ሰው ነው። አስከሬን ወድቆ ብናይ የመጀመሪያ ስሜታችን ደግነት ነው፤ ነጠላ ወይም ጋቢ ማልበስ፣ ከፀሐይ ማንሳት፣ ዝንቡን ማባረር። ሰው ሕይወት ያለው ከመሰላችሁ በእርግጥ እርዱት፤ ነፍስ ይቀድማል። መሞቱ ግልጽ ከሆነ ግን ሳትነኩ ፖሊስ ጥሩ። መስኮት አትክፈቱ፣ መብራትና ምድጃ አታጥፉ፣ ውኃ አታፍስሱ። ሰው እንዳይጠጋ ማድረግ ከምንም በላይ እርዳታ ነው። ቪዲዮ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ግን ለቤተሰቡ በቁስል ላይ ጨው ነው፤ ምርመራውንም ያበላሻል።

መጨመር የምትችሉት ነገር ካለ ሰዓት ነው። ስንት ሰዓት እንደደረሳችሁ፣ በሩ ክፍት ይሁን ዝግ፣ ፀሐዩ የት ጋ እንዳረፈ አስታውሱና ለመርማሪው ንገሩ። ደግሞ ሰዓቱን ስትናገሩ ለይታችሁ ተናገሩ። እኛ «3 ሰዓት» ስንል ስልኩ 9:00 ይላል። «ጠዋት 3 ሰዓት» ወይስ «9:00 ሌሊት»? ስድስት ሰዓት የተዛባ መዝገብ ሙቀቱንም ይዞ ይዛባል፤ የቀትሩን ፀሐይ ለማለዳው ብርድ ይሰጣል።

ከፖሊስ ጣቢያ እስከ ችሎት ድረስ ባለው መንገድ ብዙ ነገር ውድ ነው፤ ብዙ ነገር ዓመታት ይፈጃል። ይህኛው ርካሽና የደቂቃዎች ሥራ ነው። ወደ ወንጀል ስፍራ በሚሄደው ቦርሳ ውስጥ ከጓንቱ፣ ከካሜራውና ከሜትሩ ጎን አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ሎገር ይግቡ። ልኬቱም ከፎቶው ጋር እኩል የግዴታ ሥራ ይሁን። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሙቀቱ የሚለካው አስከሬኑ ከመነሳቱ በፊት ነው፣ ወይ ከናካቴው አይለካም።